የወታደሩ ውሻ ትርፍ ጥፍር

የውሻ ትርፍ ጥፍር ይቆረጥ ወይስ ይተው፣ ከተቆረጠስ መቼ ይቆረጥ ለሚለው ጥያቄ በላስታ ደጋ ከእኔ የተሻለ መልስ ያለው ሰው አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል። ጉራ የሚያስነውረው ያላደረገውን የሚያወራ ሰው ነው። እኔ የማወራው ያደረግሁትን ነው፤ ለዚያውም አስተማሪ ሳይኖረኝ።

ፊደል እንኳ የለየሁት ብቻዬን ነው። የቄስ ተማሪዎች ከገነተ ማርያም ቅጥር ውጭ ተቀምጠው ሲያነበንቡ አህያ የማስር መስዬ ከአጠገባቸው እቆም ነበር። በደርግ ዘመን የመሠረተ ትምህርት ዘማቾች መጥተው ከሽማግሌዎች ጋር መሬት ላይ አስቀምጠው "ሀ በል" ቢሉኝ፣ ከአስተማሪው እጅ ጋዜጣውን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብሁለት። ልጁ ደንግጦ "ታዲያ ለምን መጣህ?" አለኝ። "አንተ አንብበህ እንደሆነ ላጣራ ነው" አልሁት። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ።

የእንስሳ ነገርም እንዲሁ ነው። በፋሲካ ሰው ሁሉ ሥጋውን ሲበላ፣ እኔ የበጉን እግር ይዤ ከደጅ እቀመጥና ጅማቱን ከአጥንቱ እየለየሁ አይ ነበር። የወለቀ የፍየል ትከሻ፣ የተጣመመ የጥጃ እግር ከየአካባቢው ወደ እኔ ይመጣል። ገደል ገብቶ የሞተ ውሻ ባገኘሁ ጊዜም ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ፣ እኔ ተቀምጬ አራቱንም እግሮች መረመርሁ። የፊት እግሩ ትርፍ ጥፍር አጥንትም ጅማትም አለው። ውሻው የሚግጠውን አጥንት እንደ አውራ ጣት ይይዝበታል፣ ዳገት ሲወጣም ይቧጥጥበታል፤ ስለዚህ አይነካም። የኋላ እግሩ ግን ብዙ ጊዜ በቆዳ ብቻ የተንጠለጠለ ነው። መሬት ስለማይነካ አይሸረፍም፤ ዝም ብሎ እየተጠማዘዘ ያድጋል። አገራችን ደግሞ ካብና የቀጋ እሾህ ነው። ውሻው ካብ ሲዘል ጥፍሩ በድንጋይ መሐል ይያዛል፣ ይቀደዳል፣ ዝንብ ያርፍበታል፣ ትል ያፈራል። ስለዚህ የሚንጠለጠለው የኋላው ጥፍር ቡችላው ዓይኑን ሳይገልጥ መቆረጥ አለበት። ያን ጊዜ እንደ ለጋ ቅጠል ነው፤ ቡችላው አንዴ እሪ ይልና ወደ እናቱ ጡት ይመለሳል። ዓይኑን ከገለጠ በኋላ ግን ጥፍሩ ራሱ ካልተጎዳ በስተቀር እጅ አይሰደድበትም። ሥር ይሰድዳልና።

ሰዉ ግን የሚያምነው ሌላ ነበር። በኋላ እግሩ ትርፍ ጥፍር ያለውን ውሻ "ባለ ጦር" ይሉታል። ባለ ጦር ውሻ ጅብ አይፈራም፣ ጭላዳ ዝንጀሮን ከገብስ ማሳ ጠርጎ ያወጣል ይባላል። በአንድ እግር ላይ ሁለት ሁለት ካለው "ባለ ድርብ ጦር" ነው፤ እሱማ ነብርም አይመልሰው። ጀግንነት በጥፍር ተንጠልጥሎ የሚመጣ ይመስል! እኔ ስንቱን መከርሁ። የሰሙኝም ነበሩ፣ ያልሰሙኝ ግን ይበዙ ነበር።

ከእኔ ቤት በላይ፣ ከሸንተረሩ ላይ፣ ባሏን ፈትታ ወደ እናቷ የተመለሰች ሴት ነበረች። መልከ መልካም ናት እንዳልል ከእሷ የሚያምሩ ሞልተዋል። ግን ስትሄድ ለማንም የማትቸኩል፣ ስትናገር ማንንም የማትፈራ ሴት ነበረች። በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ ሲያስረዝም "በጎቹ አልገቡም፤ የቀረውን ለራስህ ንገረው" ብላ ተነሥታ የሄደች እሷ ብቻ ናት። እኔ ሚስቴ ከሞተችብኝ ቆይቶ ነበር። ይህችን ሴት ፈለግሁ። መኸሩ ሲገባ፣ አውድማው ሲጸዳ፣ ሽማግሌ ልልክባት በልቤ ቆርጬ ነበር። እጄ የተባረከ፣ ቤቴ የተሟላ ሰው ነኝ፤ ለምን እምቢ ትላለች?

ይህን እያሰብሁ ሳለሁ ወታደሩ መጣ።

የመንደራችን ሰው ነው፤ ገና በጉርምስናው ከአገር ወጥቶ ቆይቶ፣ ኋላም ሚሊሻ ሆኖ ዘምቶ ቆስሎ ነው የተመለሰው። ጋሸና ላይ የጭነት መኪና ጥሎት፣ ከዚያ ወዲህ በምርኩዝ እያነከሰ ደረሰ። ካኪ ካፖርቱን ከትከሻው፣ ኮዳውን ከወገቡ አይለይም። እግሩን አይቼለታለሁ፤ አጣመው ነው የገጠሙት፣ እኔ ብሆን ቀጥ ይል ነበር። ግን ማን ጠየቀኝ? እኔ የሰው ጥጃ አቁሜ ስወጣ "እግዜር ይስጥልን" ተብዬ በባዶ ሆድ እሸኛለሁ፤ እሱ የአሥመራን መንገድ ጠመዝማዛ ሲያወራ ቂንጬ ይቀርብለታል። ሴቶቹ "ኧረ በሞትሁት! ከዚያስ?" ይሉታል። ከዚያማ ምን ይኖራል፤ መንገዱ ተጠማዘዘ፣ መኪናው ዞረ።

በዚያ ወራት የዚያች የፈለግኋት ሴት ውሻ ወለደች። እሷ ራሷ ከሸንተረሩ ላይ ቆማ "አያ! አያ ሐኪም! እስቲ ብቅ በልና ቡችሎቹን እይልኝ" ብላ ጠራችኝ። አያ ሐኪም ያለችኝን ሰዉ ሁሉ ሰምቷል። እጄን ታጥቤ፣ ምላጬንና ትንሽ አረቄ ይዤ ወጣሁ። ከጭድ ቤቱ በር ስደርስ ወታደሩ ቀድሞኝ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ካፖርቱን አውልቆ ከጉልበቱ ላይ ዘርግቶታል፤ ከካፖርቱ ላይ አንድ ቡችላ ተኝቷል።

"እንዴት ዋላችሁ?" አልሁ።

"ይኸው፣ የውሾች ዶክተር መጣ" አለ ወታደሩ።

"እግርህ እንዴት ነው፣ ጓድ?"

"ይሄዳል።"

"ወዴት? ሁልጊዜ የማገኘው እዚህ ነው።"

እናቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ያን ልብ አልሁ።

ቡችሎቹን አንድ ባንድ አየኋቸው። ከእናታቸው ጡት ስር ያሉት ሁሉም በኋላ እግራቸው አንድ አንድ የሚንጠለጠል ጥፍር ነበራቸው። ከካፖርቱ ላይ ያለው ግን በሁለቱም የኋላ እግሮች ሁለት ሁለት። ባለ ድርብ ጦር። ዓይናቸው ገና እንደተከደነ ነው። "በደህና ቀን ነው የጠራሽኝ" አልኋት። "ሁሉንም አሁን እቆርጥልሻለሁ።"

"ለምን ይቆረጣል?" አለ ወታደሩ። "በጦር ሰፈር ያየኋቸው ውሾች ሁሉ ከነጥፍራቸው ናቸው። ፈጣሪ የሰጠውን አንተ ማን ነህና ትቀንሳለህ?"

"ፈጣሪ እትብትም ሰጥቶህ ነበር። ተቆርጦልህ ነው እዚህ የደረስኸው።"

"አፍህስ አይጣል ነው!" አሉ እናቷ።

"ጦር ሰፈር ካብ አለ?" አልሁት። "ቀጋ አለ? ሜዳ ላይ በሰንሰለት የሚውል ውሻና ገደል ለገደል ጭላዳ የሚያሯሩጥ ውሻ አንድ ነው?"

"ጭላዳ የሚያሯሩጠው በዚሁ ጥፍር አይደል እንዴ?"

"በእግሩ ነው የሚያሯሩጠው፣ በጥፍሩ አይደለም። አንተስ በምርኩዝህ ነው የተዋጋኸው?"

ይህን ስለው ቡችላውን በካፖርቱ ጫፍ ሸፈነው። አሸነፍሁት ብዬ ወደ እሷ ዞርሁ። እሷ ቡችሎቹን ሳይሆን እሱን ነበር የምታየው።

"የሌሎቹን ቁረጥ" አለች። "ያንን ባለ ድርቡን ተወው።"

"ዋናው እኮ እሱ ነው። ሁለት ሁለት ያለው ቀድሞ ይቀደዳል።"

"ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ባለቤቱ ይተው ካለ ይተው።"

ባለ ድርብ ጦር ቡችላ በእኛ አገር እንዲሁ አይሰጥም። ለወንድም ይሰጣል፣ ለአማች ይሰጣል፣ ለክርስትና አባት ይሰጣል። እሱ የትኛውም አልነበረም። የሌሎቹን በምላጬ እንደ ፀጉር ላጨሁት፤ ወለሉ ላይ የረባ ደም አልታየም። እናቷ "የማርያም እጅ" አሉኝ። እሷም "እጅህ ይባረክ" አለችኝ፤ አለችና ያንን ቡችላ ከካፖርቱ ጋር እንደ ሕፃን ጠቅልላ ለወታደሩ አስታቀፈችው።

ስወጣ ከበሩ ላይ ቆሜ "ቃሌን ያዙልኝ። ይህ ጥፍር አንድ ቀን እኔን ያስጠራኛል" አልኋቸው።

"እስከዚያ ምላጭህን እንዳትጥለው" አለ እሱ። ያን ጊዜ ሳቀች።

የንስሐ አባቴ የውሻ ደም በነካሁ ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ እንድቆም አዝዘውኝ ነበር። ሕግ ይሁን የሳቸው ጥንቃቄ እስከ ዛሬ አላጣራሁም፤ አባቴ ካሉ አሉ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከተፈለፈለበት ድንጋይ ጫፍ ላይ ከምእመኑ ተለይቼ ቆምሁ። ከዚያ ሆኜ ቁልቁል ሳይ፣ ወታደሩ በደረጃው ሲቸገር እሷ ክንዱን ይዛ ስታወርደው አየሁ። ምርኩዙን እናቷ ተቀብለውታል። እኔ ለሷ ውሾች ብዬ ውጭ ቀረሁ፤ እሱ ምንም ሳይሠራ ገባ። ቅዳሴው ምን እንደነበር አላስታውስም።

ቡችላው አደገ። እንዳልዋሽ፣ ጥሩ ውሻ ወጣው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ እንደ ከበሮ። እኔም ከዚያው ሆድ ከወጡት አንዱን ወስጄ ነበር፤ ጥፍሩን ራሴ የቆረጥሁትን። ያም ቢሆን ከወንድሙ በምንም አያንስም ነበር። ግን የእኔ ውሻ ጭላዳውን ከማሳ ሲያወጣ "ጭላዳው ዛሬ ጠግቦ ሄደ" ይላሉ። የሱ ሲያወጣ "ጦሩን አየህልኝ!" ይላሉ። የሱ ውሻ ከጅብ አፍ አንድ ጠቦት ያስጣለ ቀን በመንደሩ ሌላ ወሬ አልነበረም። ጠቦቷ የሷ ነበረች። ወታደሩ ውሻውን በየማለዳው ወደ ሷ ጉረኖ ይዞ ይወጣል፤ ውሻው በጎቹን ይጠብቃል፣ እሱ ካቡ ላይ ተቀምጦ ያወራል። እኔ ከታች ሆኜ እሰማለሁ። ወሬው አይሰማም፤ ሳቋ ይሰማል።

መኸሩ ገባ፣ አውድማው ጸዳ፣ ሽማግሌ ግን አልላክሁም። እምቢ ብባል መንደሩ ሁሉ የሚስቅብኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶልኛል ብዬ አሰብሁ፤ ያ ጥፍር። ውሻው ባጠገቤ ባለፈ ቁጥር ዓይኔ የኋላ እግሩን ነው የሚፈልገው። ጥፍሮቹ እየረዘሙ፣ እየዞሩ፣ እንደ ቀለበት ወደ ሥጋው ይመለሱ ነበር። እንዲቀደድ ተመኝተህ ነበር ወይ የሚለኝ ይኖራል። እኔ ያልሁት አስቀድሞ የታወቀኝን ነው። ደመና ያየ ሰው ዝናብ ይመጣል ቢል ዝናቡን እሱ አላመጣውም።

በሚቀጥለው ዓመት ገብሱ ሊታጨድ ሲል፣ ጭላዳው ከገደሉ መንጋ ሆኖ ወጣ። ውሻው አሯሯጣቸው፤ ካብ ሲዘል የግራው ድርብ ጥፍር በሁለት ድንጋይ መሐል ተያዘ። ጩኸቱን ከቤቴ ሆኜ ሰማሁት። ምላጬን አወጣሁና ከደጄ ተቀምጬ መሳል ጀመርሁ። ይመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ።

አልመጡም። ወታደሩ ከካፖርቱ ገበር ቀድዶ ራሱ ጠቅልሎለታል አሉኝ። ቀናት አለፉ። ውሻው በማለዳ መውጣቱን ተወ። በኋላ የሽታው ወሬ ደረሰኝ፤ ትል ገብቶበታል ማለት ነው። ወታደሩ በመንገድ አገኘኝና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ "ደህና ዋልህ" ብሎኝ አለፈ። "ውሻህ እንዴት ነው?" ብዬ ልጠይቀው አፌ ድረስ መጣ፤ ዋጥሁት። እሱ ይጠይቀኝ እንጂ!

የመጣችው እሷ ናት። ከደጄ ቆማ አልገባም አለች።

"አያ፣ ያ ውሻ ሊሞት ነው።"

"ጥፍሩ ነው?"

"አዎ ጥፍሩ ነው። ተናግረህ ነበር። እንዲህ እንድልህ ፈልገህ ከሆነ ይኸው አልሁህ።"

"ባለቤቱ የለም? ጥፍሩን ይተው ያለው እሱ ነው፤ እሱ መጥቶ ይለምን።"

"እሱ አይለምንም። ኩሩ ነው፤ አንተም ኩሩ ነህ፤ በሁለታችሁ መሐል ውሻው ይበስብስ?" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ለሱ ብለህ አይደለም። ለኔ ስትል። እኔ ለምኜሃለሁ፤ አይበቃህም?"

በቃኝ። ለኔ ስትል ያለችውን ይዤ፣ ውሻውን ወዳስተኙበት ወደ እናቷ ደጅ ዳገቱን እንደ ጎረምሳ ወጣሁት።

ያን ቀን የሠራሁትን ሥራ ከእኔ በፊት በዚያ አገር የሠራው ሰው እንደሌለ እርግጠኛ ነኝ። የቡችላ ጥፍር መቁረጥ ማንም ይለምደዋል። ያደገ ውሻ፣ ጥፍሩ ሥር ሰድዶ፣ ቁስሉ በስብሶ፣ ትል አፍርቶ ሲመጣ ግን እጅ ይፈልጋል። አፉን በጨርቅ ጠቅልዬ አሰርሁት። ወታደሩ ጭንቅላቱን ከጉልበቱ ላይ አድርጎ እንዲይዝ፣ እሷ እግሩን እንድትይዝልኝ አዘዝሁ። ፀጉሩን ላጨሁ፤ ትሉን በአረቄ አጥቤ አወጣሁት፤ የሞተውን ሥጋ ደም ያለው እስካገኝ ድረስ ፋቅሁ። ጥፍሮቹን ከነሥራቸው ከመገጣጠሚያው ላይ ስፈታ፣ እንደ ፈራሁት ደሙ ፈነጠቀ። በፈረስ ጭራ ቋጠርሁት። የቀረውን የደም ምንጭ በጋለ ብረት ነካ አደረግሁና ዘጋሁት። ከዚያም ያልተቀደዱትን የቀኙን ድርብ ጥፍሮች ደግሞ፣ ወደ ሥጋው ሊገቡ ትንሽ ስለቀራቸው፣ በዚያው አስወገድኋቸው። አንዴም አልተሳሳትሁም። ቀና ስል ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር።

አመስግኑኝ ለማለት ወደ እሷ ዞርሁ። ወታደሩ ያለቅስ ነበር። ድምፅ የለውም፤ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ከውሻው ጆሮ ላይ ይንጠባጠባል።

"ጦር ሜዳ ያየህ ሰው ለውሻ ታለቅሳለህ?" አልሁት።

"እዚያ ጊዜ አልነበረም" አለ።

ይህን ብቻ ነው ያለው። እሷ የውሻውን እግር ለቀቀች፣ ተነሣች፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት። እናቷ እያዩ! እኔ እጄ እስከ ክርኔ ደም ሆኖ ቆሜያለሁ፤ ለኔ ውኃ ያመጡልኝ እናቷ ናቸው።

ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥሁም። ማልቀስ ማንን ይቸግራል? እንዲያ መቁረጥ ነው እንጂ! ጥፍሮቹን በውኃ አጥቤ ለወታደሩ በእጁ ሰጠሁት።

"ምን ላድርገው?" አለኝ።

በጉርምስናው አገሩን ስለለቀቀ ልማዱን አያውቅም። እኔም፣ የማውቀውን አልደብቅም፣ ከነምክንያቱ አስረዳሁት። "በእኛ አገር የተቆረጠ የውሻ ጥፍር ሜዳ ላይ አይጣልም። ከበር ድንጋይ ስር ይቀበራል። የተቀበረበትን በር ውሻው እስኪሞት አይለቅም። የቡችላ ከሆነ እናቱ ባለችበት፣ ያደገ ከሆነ ባለቤቱ ቤቴ በሚለው በር ስር ነው።"

"ቤቴ በሚለው?"

"ቤቴ በሚለው። ሰው ደግሞ በራሱ በር እንጂ በሌላ ሰው በር አይቀብርም፤ እዚህ እኖራለሁ ማለት ነውና።"

እንዲህ አድርጌ፣ እንደ መምህር፣ አብራርቼ ነገርሁት። ወታደሩ ጥፍሮቹን በመዳፉ ጨበጠ። ምርኩዙን አነሣ። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ነው፤ እሱ ግን ወደ ላይ፣ ወደ ሷ ጉረኖ ሄደ። ከጉረኖው በር ተንበረከከ፤ የታመመው እግሩ አልታጠፍ ብሎት ወደ ጎን ዘርግቶ ነው የተቀመጠው። የበሩን ድንጋይ በምርኩዙ ፈነቀለ።

"አንተ!" አሉ እናቷ። "የማን በር መሰለህ?"

"አውቃለሁ፣ እናቴ" አለ። "አውጣው ካላችሁኝ አወጣዋለሁ።"

እናቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። እኔም ዞርሁ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብትል፣ "ኧረ ተው" ብትል፣ ለእኔ ገና ተስፋ ነበረኝ። እሷ ግን እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ሄደች፣ ከጎኑ ቁጢጥ አለች፣ ድንጋዩን ከእሱ ጋር ይዛ መለሰችው። አፈሩንም በእግሯ ረገጠችው።

መናገር ያለብኝ እኔ መሰለኝ። "ጥልቅ አድርጋችሁታል? ቀበሮ እንዳያወጣው" አልሁ። ከዚያ ዕቃዬን ሰብስቤ ቁልቁል ወረድሁ።

ውሻው ዳነ። ቁስሉ ጠባሳው እንኳ እስኪጠፋ ድረስ ገጠመ፤ ይህን አይቶ የመሰከረ ብዙ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ጭላዳውን እንደ ድሮው አሯሯጠ፣ ያለ ጥፍር፣ ስለዚህ ጥፍሩ አልነበረም ማለት ነው። ግን "ባለ ጦር ውሻ ጥፍሩ ቢቆረጥም ጦሩ ልቡ ውስጥ ነው" ማለት ጀመሩ። ሰው ካልፈለገ አይማርም። ውሻውም ቢሆን ውለታ አያውቅም፤ እኔን ሲያይ ጭራውን በእግሮቹ መሐል ከትቶ ይሸሻል፣ እሱን ሲያይ ይንከባለላል።

ሽማግሌ ሲላክ ደግሞ ወታደሩ ዘመድ አልቆየለትም ነበርና አንዱ እኔ እንድሆን ጠየቀኝ። "አንተ አፍ አለህ" አለኝ። እምቢ ብል መንደሩ ምክንያቱን ያውቅብኛል፤ ሄድሁ። ከሦስታችን እንደ እኔ የተናገረ አልነበረም። ለራሴ ያዘጋጀሁትን ንግግር ነው የተናገርሁለት፤ "እጁ የተባረከ" የሚለውን ብቻ "ልቡ የተባረከ" አልሁት። እናቷ እንባቸው መጣ።

ይኸው አርጅተናል። ድርቁም መጣ፣ ሄደ፤ ደርግም ሄደ። እነሱ አሁንም ከሸንተረሩ ላይ ናቸው። ሳቋ ዛሬም ይሰማኛል፤ ጆሮዬ ለሌላው ነገር ደክሟል፣ ለእሱ ግን አልደከመም። እኔም ሌላ ሴት አግብቼ፣ ወልጄ፣ ደህና ኖሬያለሁ። ሰው ሊጠይቀኝ ከላሊበላ ድረስ ይመጣል፤ እሱን ሊጠይቅ ማንም አይመጣም። እንዲያም ሆኖ፣ በመሸ ጊዜ ቀና ብዬ ሁለቱን ካቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳያቸው፣ ወደ ቤት እገባና በሩን እዘጋለሁ።

የዚያ ውሻ ዘር ግን ከቤታቸው አልጠፋም፤ አሁንም ከነድርብ ጥፍሩ ይወለዳል። ውሻቸው በወለደች ቁጥር እሷ ብቅ ብላ "አያ ሐኪም!" ትለኛለች። ዛሬ ይተው የሚል የለም፤ ተምረዋል። ወታደሩ ከዚያ ቀን ወዲህ ደም ማየት አይችልምና ምላጬን ሳወጣ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ጭድ ቤቱ ውስጥ የምንቀረው እኔና እሷ ብቻ ነን። እሷ ቡችላውን በሁለት እጇ ትይዝልኛለች፣ ጎንበስ ብላ፣ ትንፋሿ እጄ ላይ እስኪደርስ ድረስ ቀርባ። ስለ ገብሱ ታወራኛለች፣ ስለ ልጆቿ ታወራኛለች። እሱ ከውጭ "አላለቀም?" ብሎ ይጣራል።

"ዝም በል፣ ጓድ፤ ይህ የጥንቃቄ ሥራ ነው" እለዋለሁ።

ሥራው አፍታ የማይፈጅ ነው። እኔ ግን ከእያንዳንዱ ቡችላ በኋላ ምላጩን እንደገና እስለዋለሁ፣ ቀስ ብዬ።